ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ይታይ

ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር የሕንፃ ሹም
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ድሬዳዋ
ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን

ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ የቤት ባለቤቶች፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴዎችና ለሙያ ጓደኞቼ

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሚቀበሩ የኤልኢዲ መብራቶች፣ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት በባለሙያ እንዲፈተሹ ስለመጠየቅ

ክቡራን፦

ቤቱን የሚያድስ የድሬዳዋ ሰው ዛሬ አስቀድሞ የሚያስበው ጂፕሰም ኮርኒስና ስፖት መብራት ነው። ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ መጋላም ሆነ ገንደ ቆሬ ያው ነው። ለኢድ ወይም ለሠርግ፣ ታኅሣሥ ላይም ለቁልቢ ገብርኤል ለሚመጣ እንግዳ ሲባል ሳሎኑና መጅሊሱ ይታደሳል። መሐሉ ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሎበት የኖረው ክፍል ኮርኒሱ ውስጥ በተቀበሩ ዐሥራ አምስትና ሃያ ትንንሽ መብራቶች ይደምቃል። ሰው ለፍቶ የሠራውን ቤት ማሳመሩ ደስ ያሰኛል። እኔም ከዚሁ ሥራ እንጀራ የምበላ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጂፕሰሙ ተገጥሞ፣ ስቱኮው ተለስኖ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ሽቦ የሚያይ ሰው የለም። ማብሪያ ማጥፊያ ሲበላሽ እጅ ያውቀዋል። ሶኬት ሲግል ግድግዳው ይጠቁራል። ኮርኒስ ውስጥ ያለ መጋጠሚያ ግን ማንም ሳያውቅ ለዓመታት ሊከስል ይችላል። ስለዚህ ዋናው ልመናዬ ይህ ነው፦ ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ መስመሩን አይቶ ይፈርም።

«ኤልኢዲ አይሞቅም፣ ኃይልም አይበላም» የሚለውን ከደንበኞች አፍ አዘውትሬ እሰማለሁ። ስለ ፍጆታው ያሉት ትክክል ነው። ባለ 9 ዋት ሃያ ስፖቶች አንድ ላይ ሲበሩ 180 ዋት ይወስዳሉ፤ ድሮ የምናውቃቸው ባለ 60 ዋት አምፖሎች ሦስቱ የሚወስዱትን ያህል ማለት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ1 አምፒር በታች ነው። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይህን ያለ ችግር ይሸከማል።

የምፈራው መጋጠሚያውን ነው። አንድ አምፖል ለፌዝና ለኒውትራል ሁለት መጋጠሚያ ይበቃው ነበር። ሃያ ስፖት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀጠለ ሲሄድ በትንሹ አርባ መጋጠሚያ ይኖረዋል፤ አርባውም ከዓይን የተሰወረ ነው። ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ ጥቁር ፕላስተር ብቻ ከተጠቀለለበት የጣሪያው ሙቀት የፕላስተሩን ሙጫ ያለሰልሰዋል፤ ፕላስተሩ ይፈታል፣ ጥምዙም ይላላል። የላላ መጋጠሚያ ይግላል፤ የጋለው ይብሱን ይላላል፤ ውሎ አድሮ መፈንጠቅ ይጀምራል። በአጠገቡ ያለው ደግሞ የሞራሌ እንጨት፣ ችፕውድ፣ የተጠራቀመ አቧራና አይጥ የሰበሰበው ጨርቅ ነው። ከዚያው መስመር ላይ የጣሪያ ቬንትሌተር ሲቀጠል፣ በድሬ ሙቀትም ይህን የማይፈልግ ቤት የለም፣ በመጋጠሚያው የሚያልፈው ኃይል ይጨምራል፤ ንዝረቱም ደካማውን መጋጠሚያ እያላላው ይሄዳል።

ብዙ ባለቤቶች በብሬከር ይተማመናሉ። ብሬከር የተሠራው መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ፌዝና ኒውትራል ሲነካኩ እንዲቆርጥ ነው። የላላ መጋጠሚያ በመስመሩ የሚያልፈውን ኃይል አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሰዋል። ስለዚህ መጋጠሚያው እየከሰለ ብሬከሩ ምንም አያውቅም። ከዚህ አደጋ የሚያድነው ሥራው ሲሠራ በትክክል መሠራቱና ከመዘጋቱ በፊት መታየቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ኤልኢዲ ፊቱን ሲነኩት አያቃጥልም፤ ሆኖም ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ የማያንሰው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህም ሙቀት በጀርባው በኩል ወደ ኮርኒሱ ባዶ ቦታ ይወጣል። ጀርባው ላይ ያለው የአሉሚኒየም ክንፍ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን የሚረከበው አየር ይፈልጋል። አጠገቡ የሚቀመጠውና ድራይቨር የምንለው ትንሽ ሣጥን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሙቀት የሚጎዳው ነው። በውስጡ ያለው ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ድራይቨሩ ጀርባ ላይ የሚሠራበት የአካባቢ ሙቀት እስከ 40 ወይም 45 ዲግሪ ተብሎ መጻፉ የተለመደ ነው።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ በጥላ ሥር የሚለካው ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከምትመታው ቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ እዚህ ገና መብራቱ ሳይበራ ከተጻፈለት ወሰን ያልፋል ማለት ነው። ሙቀት ይከላከልልኛል ብሎ ፎም ወይም ጆንያ ከኮርኒሱ በላይ ያነጠፈ ሰው ካለ ደግሞ መብራቱ ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ተዘጋ። አብዛኛው ስፖት እንዲህ እንዳይሸፈን የሚከለክል ምልክት በካርቶኑ ወይም በጀርባው ታትሞበታል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ስጋት በሩቅ አገር በሰው ሕይወት ተፈትኗል። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ለነዋሪው ቤት የጣሪያ ሙቀት መከላከያ በራሱ ወጪ የማስገጠም ፕሮግራም ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሥራው ግን በጥድፊያ ተስፋፋ፤ በቂ ሥልጠና ያላገኙ ወጣቶች ኮርኒስ ውስጥ ገቡ። አራት ወጣት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሦስቱን ኤሌክትሪክ ገደላቸው፣ አንዱን የጣሪያው ሙቀት። ከሞቱት መካከል የመከላከያ ፎይል ለማሰር የተመታ የብረት ስቴፕል ሽቦ ወግቶ ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። መከላከያው በተቀበሩ መብራቶች ላይ ስለተጫነም ቤቶች ተቃጠሉ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ተቋረጠ፤ በ2014 ደግሞ በመንግሥት የተሰየመ አጣሪ ኮሚሽን ሥልጠናና ቁጥጥር መጓደሉን በሰፊ ሪፖርት አወጣ። ሀብትና ሕግ ያላት አገር ኮርኒስ ውስጥ የሚሠራውን ባለማየቷ ይህን ከከፈለች፣ እኛ ከእሷ ብንማር ያዋጣናል።

ሕጉ በእኛም አገር አለ። የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ዐሥረኛ ክፍል ስለ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕንፃ ሹምን አቋቋመ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ በያዘ ሰው እንዲሠራ መሠረት ጣለ። ነገር ግን እነዚህ ሕጎች በዋናነት የሚያገኙት አዲስ የሚሠራውንና ፈቃድ የሚወጣበትን ሕንፃ ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ኃላፊነት ደግሞ ቆጣሪው ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ነባር ቤት ሲታደስ፣ አንድ አምፖል የነበረበት ክፍል ሃያ መብራት ሲገባበት፣ ከቆጣሪው እስከ ኮርኒሱ ያለውን የሚጠይቅ አካል የለም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው፤ እንዲሞላም ከዚህ በታች ያለውን እጠይቃለሁ።

1ኛ. የሕንፃ ሹሙና የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣኑ ተመካክረው አንድ ገጽ የፍተሻ ቅጽ ያውጡ። ቅጹ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ይሁን፦ ሽቦው መዳብ ነው? ውፍረቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ አያንስም? መጋጠሚያው ሁሉ ክዳን ባለው ስካቶላ ውስጥ በተርሚናል ተጠብቋል? ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ነው? የብረት አካል ያለው መብራት ግራውንድ የምንለውን የመሬት ሽቦ አግኝቷል? ድራይቨሩ ከመብራቱ ጀርባ ተለይቶ አየር በሚያገኝበት ቦታ ተቀምጧል? የመብራት መስመሩ ከ10 አምፒር ያልበለጠ የራሱ ብሬከር አለው? ኃይል በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጠው መሣሪያ ተገጥሟል? ባለሙያው መልሱን ሞልቶ፣ የተከፈተውን ኮርኒስ ፎቶ አንሥቶ ይፈርም። አንዱ ቅጂ ከባለቤቱ፣ አንዱ ከቀበሌው ይቀመጥ። ቅጹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይዘጋጅ፤ የድሬ ሰው የገዛ ቤቱን ጉዳይ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ አለበት።

2ኛ. የብቃት ማረጋገጫ ያላቸው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ዝርዝር በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። ዛሬ ባለቤቱ ሠራተኛ የሚያገኘው በጎረቤት ጥቆማ ወይም ዕቃ በገዛበት ሱቅ በኩል ነው። መጠየቅ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቅበት ቦታ ይኑረው።

3ኛ. ማረጋገጫ ለሌላቸው ወጣቶች አስቀድሞ ሥልጠና፣ ከዚያ በኋላ ቁጥጥር ይምጣ። ድሬዳዋ የሙያ ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ በምድር ባቡር ወርክሾፖች ታላላቆች ለታናናሾች እያሳዩ ብዙ ትውልድ መካኒክና ኤሌክትሪሺያን አፍርታለች። ዛሬ ስፖት የሚገጥሙት ልጆች እጃቸው ፈጣን ነው፤ የጎደላቸው ያን ዓይነት አሳዳጊ ነው። የከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲያችን አጫጭር የማታ ሥልጠና ቢከፍቱላቸው፣ ባለሥልጣኑም ፈተናውን እዚሁ ድሬዳዋ ቢያቀርብላቸው፣ አብዛኞቹ በደስታ ይመጣሉ።

4ኛ. ዕቃው ይፈተሽ። በመዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽቦ እንደ ንጹሕ መዳብ ይሸጣል። ስም የሌለው፣ ዋቱ እንጂ የሙቀት ወሰኑ ያልተጻፈበት ድራይቨር በየመደርደሪያው አለ። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ከፊሉ በዚህ አቅጣጫ ያልፋል፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጣና የተከፈተውም እዚሁ ነው። ስለዚህ የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ናሙና ወስዶ ለመመርመር ከድሬዳዋ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ይህ ሐቀኛውን ነጋዴ ይጠቅመዋል፤ ደህና ዕቃ አምጥቶ በርካሽ አስመሳይ የሚሸነፈው እሱ ነውና።

5ኛ. የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ለደንበኞቹ በሚያስተላልፋቸው መልእክቶች ስለ ቤት ውስጥ ዝርጋታ ይንገር። በተለይ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ስለሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ያስተምር። ያን ጊዜ የመብራቱን ብሬከር አውርዶ ጥቂት መጠበቅ ብዙ ድራይቨር ያድናል።

«ፊርማ በጨመረ ቁጥር ደጅ መጥናት ይጨምራል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ተቃውሞም ነው። ለዚህ ነው ፍተሻው በቢሮ ሠራተኛ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ በመረጠው ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ እንዲሆን የምጠይቀው። ቀበሌው ቅጂውን ተቀብሎ ያስቀምጥ፤ ሥራ የማስቆም ሥልጣን አይሰጠው። የገጠመው ሠራተኛና የፈተሸው ባለሙያ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ወጪውም ቢሆን የአንድ ሰዓት ሥራ ክፍያ ነው፤ ለጂፕሰሙና ለቀለሙ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በመጋላ ጠባብ መንገዶች የእሳት አደጋ መኪና እንደልቡ የማይገባ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ እሳት ከተነሣ በኋላ ከሚደረገው ይልቅ ከመነሣቱ በፊት የሚደረገው እንደሚሻል አያጣውም።

ለቤት ባለቤቶች፦

ቅጹ እስኪወጣ ድረስ እጃችሁ ላይ ያለውን አድርጉ። ጂፕሰም ሠራተኛው ሊዘጋ ሲዘጋጅ «ቆይ» በሉት፤ መሰላል ላይ ወጥታችሁ ወይም ልጃችሁን ልካችሁ ስልካችሁ ላይ ፎቶ ይነሣ። ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረ ሽቦ ካያችሁ ሠራተኛው በስካቶላና በተርሚናል እንዲለውጠው ጠይቁ። ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ መዳብ አይደለም። መታጠቢያ ቤትና ምድጃ አካባቢ እንፋሎትና ውኃ የሚችል መብራት ብቻ ይግባ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮው የሚያፈስበትን አስደፍኑ፤ በተቀበረ መብራት ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ የመብራቱን አካል ኤሌክትሪክ ሊያስይዘው ይችላል።

ቤታችሁ የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ወይም ጣሪያው ዝቅ ያለ የቆየ ቤት ከሆነ የሚቀበረውን መብራት ተዉት። ከኮርኒሱ ወለል ላይ የሚለጠፈው ፓኔል ሙቀቱን ወደ ክፍሉ አየር ያወጣል፤ ብርሃኑም አያንስም፤ ሲበላሽም በቀላሉ ይታያል።

መብራቱ ከተገጠመ ቆይቶ ከሆነ ምልክቱን አጢኑ። አንድ ስፖት በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ፣ ዙሪያው ያለው ቀለም ቡናማ እየሆነ ከመጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አልፎ አልፎ የሚሸት ከሆነ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ባለሙያ ጥሩ። ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ የሚያበራ ስፖት ካለ ማብሪያ ማጥፊያው ኒውትራሉን እየቆረጠ ፌዙ መብራቱ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መብራት «ጠፍቷል» ብሎ የሚነካው ሰው 220 ቮልት ያገኘዋል። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ማብሪያው ላይ ያለች ጠቋሚ መብራት ብቻ ናት፤ የትኛው እንደሆነ ግን በግምት አይወሰን፣ ይለካ።

ለሙያ ጓደኞቼ፦

ከሁሉ በላይ የምማጸናችሁ ስለ ራሳችሁ ሕይወት ነው። «ሰፈሩ መብራት የለውም» ተብሎ ሽቦ አይነካም። ኃይሉ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን የለም፤ የጎረቤት ጄኔሬተርም ያላግባብ ተቀጥሎ በመስመሩ ሊመጣ ይችላል። ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ማንም መልሶ እንዳያነሣው አንድ ሰው አቁሙበት ወይም ቆልፉት፣ ከዚያም እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ፈትሹ። ቴስተሩንም አስቀድማችሁ ኃይል እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፤ የተበላሸ ቴስተር ሁልጊዜ «የለም» ይላልና።

ጂፕሰሙን ከመቅደዳችሁ በፊት ከላዩ ምን እንዳለ እዩ፤ ሞራሌው የት እንደሚያልፍ፣ የድሮው ሽቦ በየት እንደተዘረጋ ሳታውቁ ቀዳጁን አታስነሡ። ቀዳዳው መብራቱ ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ የሰፋ ቀዳዳ ስፕሪንጉ መብራቱን አጥብቆ እንዳይዘው ያደርጋል፣ አቧራና ነፍሳትም ያስገባል። ሽቦውን በምስማር አጥፋችሁ አትያዙት። ከኮርኒስ በላይ የሚሠራው ሥራ በጠዋት ይሁን፤ ረፋድ ላይ ቆርቆሮው ከጋለ በኋላ ውኃ ሳይዙ፣ ከታች የሚጠራ ሰው ሳይኖር መግባት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። ባለቤቱ «ዛሬ ማታ እንግዳ አለብኝ፣ ቶሎ ጨርስ» ሲላችሁ «ነገ ጠዋት» ለማለት አትፈሩ። ያ ባለቤት እኛ ከወጣን በኋላ ከልጆቹ ጋር በዚያ ኮርኒስ ሥር የሚተኛ ነው፤ የእኛን ሥራ ማየት ስለማይችል አምኖን ይተኛል። ያ እምነት ከምንቀበለው ክፍያ ይበልጣል።

ክቡራን ኃላፊዎች፦

የጠየቅሁት አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም ትልቅ በጀት አይፈልግም። አንድ ገጽ ቅጽ፣ አንድ ዝርዝር፣ አንድ የማታ ሥልጠናና ከገበያው የሚወሰድ ናሙና ነው። ሕጉን አውጥታችኋል፤ ሙያውም በከተማችን አለ። የቀረው ሁለቱን የቤት እድሳት በሚሠራበት ቀን ማገናኘት ነው። ቅጹን በማዘጋጀትም ሆነ ወጣቶቹን በማሠልጠን ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ ሲጠየቁ እንደኔው የሚመጡ ነባር ባለሙያዎችም በከተማዋ አሉ። ቆርቆሮው ከመጋሉ በፊት፣ ከሚቀጥለው ግንቦት ቀደም ብሎ ቢያንስ ቅጹና የባለሙያዎቹ ዝርዝር በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻልበት ምክንያት ካለም ምክንያቱ በዚያው ሰሌዳ ላይ ለነዋሪው በግልጽ ይነገር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በድሬዳዋ ከተማ ነዋሪ የሆነ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ